ቀማሽ ያጣ ኪምቺ

እማዬ፣

ነገር የተበላሸው ሐሙስ ዕለት ረፋዱ ላይ፣ ቶማዞ የሚባለው የስድስት ዓመት ልጅ በርበሬ የነካ እጁን ወደ ግራ ዓይኑ ባነሳባት ቅጽበት ነው። አይቼዋለሁ። በመካከላችን አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነበር። ልከለክለው አፌን ከፈትኩ፤ ከድንጋጤዬ የተነሳ ግን የወጣኝ አማርኛ ነው። «ተው!» አልኩት። ልጁ ምን ብሎ ይረዳኝ? ዓይኑን አሸው። ከዚያ ጮኸ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ጮኸ።

ካንቺ ከተለየሁ ሰባት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነኝ። እስካሁን አልጻፍኩልሽም። ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ከንቱ ይመስለኝ ነበር፤ አሁንም ይመስለኛል። ግን ይህን ለሌላ ሰው ልንገር ብል ከየት እጀምራለሁ? ሃልሞኒ ማን እንደነበሩ፣ መደርደሪያሽ ላይ የተደረደሩት ብልቃጦች ለምን ስም እንዳልተጻፈባቸው ማን ያውቃል? አንቺ ቢያንስ ግማሹን ታውቂዋለሽ።

መጀመሪያ ቤቱን ልንገርሽ። አሁንም እዚሁ ሮም፣ ፖንቴ ማሞሎ ሰፈር ነኝ፤ እዚያው ሦስተኛ ፎቅ። አሳንሰሩ አልተሠራም። አልጋሽን ለጎረቤታችን ለእትዬ ለተብርሃን እህት ልጅ ሰጠሁት፤ ወለል ላይ ነበር የምትተኛው። በረንዳ ላይ የተከልሽው ጤናዳም ደርቋል። ውኃ ረስቼበት አይደለም፤ እንዳይደርቅ ፈርቼ ውኃ አብዝቼበት ነው። ኮትሽ ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ አለ። ኩሽናሽን ግን አልነካሁትም። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አንቺ እንደምታደርጊው፣ ቅመም የምታስቀምጪባቸውን የማርሜላታ ብልቃጦችሽን አንድ በአንድ አውርጄ መደርደሪያውን በኮምጣጤ እወለውላለሁ፤ ከዚያ ብልቃጦቹን ጠርጌ እያንዳንዱን በቦታው እመልሰዋለሁ። ይህን ያዢልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሃልሞኒን ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ሳቃችሁ ነው። ሃልሞኒ በኮሪያ ቋንቋ አያት ማለት ነው ብለሽኛል፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ቤታቸው ተቀጥረሽ ስትጦሪያቸው ስማቸውን አንድ ቀን ጠርተሽው አታውቂም። የሁለታችሁ ጣሊያንኛ ቢደመር የአንድ ሕፃን አይሞላም ነበር። ሆኖም ኪምቺን ያህል ነገር አስተማሩሽ። ጎመኑን ለአራት ሰንጥቀሽ፣ በየቅጠሉ መካከል ጨው እየነሰነስሽ ታሳድሪዋለሽ። ቅጠሉ ሲያጥፉት ከተሰበረ ገና ነው፤ እንደ ጨርቅ ከታጠፈ ደርሷል። ከዚያ የሩዝ ዱቄት አጥሚት ትሠሪያለሽ፤ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉንና ቀዩን የኮሪያ በርበሬ በዚያ ትለውሺና ከውስጠኛው ቅጠል ጀምረሽ አንድ በአንድ ትቀቢዋለሽ። ብልቃጥ ውስጥ ተጠቅጥቆ ሲብላላ፣ የእኛን ሊጥ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም ትይ ነበር። ጾም ሲገባ የዓሣ መረቁን ትተዪዋለሽ። የጾም ኪምቺ የሚባል ነገር በዓለም ላይ ያለው በሃልሞኒ ቤት ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በጾም ደግሞ አትቀምሺም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከንፈርሽን ምንም አይነካውም፤ የምትሠሪው ግን የሌላ ሰው ምሳ ነው። እኔ ከአዲስ አበባ አንቺ ዘንድ የመጣሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነበርና ገና መጾም አልጀመርኩም። ማንኪያውን ወደ እኔ ትዘረጊና «ቅመሺልኝ» ትያለሽ። ጨው አነሰው፣ አቃጠለ፣ ደህና ነው፤ ፍርዱ የእኔ ነበር። በሃልሞኒ ቤት ደግሞ ቀማሿ ራሳቸው ሃልሞኒ ነበሩ። ምግብሽ አንድም ቀን ቀማሽ አጥቶ አያውቅም።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ ልመለስ። ከሚካኤል ሥዕል ጎን የሰቀልሽው ዲግሪዬ እዚያው ተሰቅሏል፤ እኔ ግን አሁንም አስተማሪ አይደለሁም። ለትምህርት ቤቶች ሠራተኛ በሚያቀርበው ኮኦፔራቲቫ በኩል የተቀጠርኩ ረዳት ነኝ፤ አፍንጫ የምጠርግ፣ የጫማ ክር የማስር። አስተማሪዋ ማኤስትራ ፓትሪትሲያ ናት። ዘንድሮ ሶዮን የምትባል ኮሪያዊት ልጅ ክፍላችን ገባች። ትንሽ፣ ዝምተኛ፣ እርሳሷን በመጠን በመጠን የምትደረድር። በጥቅምት ሽርሽር ሄደን ሁሉም ምሳውን ሣሩ ላይ ሲዘረጋ እሷም ዕቃዋን ከፈተች። ኪምቺ ነበረበት። ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው «ኬ ፑትሳ! ምን ይሸታል!» እያሉ ተንጫጩ። አንዱማ የሞተ መስሎ ተዘረረ፤ ትልልቆቹ ሁሉ ሳቁ። ሶዮን ክዳኑን ቀስ አድርጋ ገጠመችው። ቀኑን ሙሉ ምንም አልበላችም።

እኔ ደግሞ በዘጠኝ ዓመቴ፣ ጃኬቴ ቁሌት ቁሌት ይሸታል ተብዬ ብቻዬን የተቀመጥኩበት ወንበር ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ አልነገርኩሽም። ጃኬቴን በየማታው በረንዳ ላይ ማስጣት ስጀምር ግን የገባሽ ይመስለኛል፤ ከዚያ ወዲህ ወጥ ስትሠሪ የመኝታ ቤቱን በር ትዘጊው ነበር።

ስለዚህ ለፓትሪትሲያ፣ ልጆቹ በገዛ እጃቸው ኪምቺ ይሥሩ፣ ሶዮን ታሳያቸው አልኳት። አጨበጨበች። «አሎራ፣ እንዴት ያለ ግሩም ሐሳብ ነው!» አለች። ለወላጆች ማስታወቂያ ጻፈች፤ ወላጆችም ፈርመው መለሱ። ማስታወቂያው ላይ ሐሳቡ የእሷ ሆኗል። አልከፋኝም። ሶዮን ወንበር ላይ ቆማ ሌሎቹ አንጋጠው ሲያዩዋት ብቻ ነበር የታየኝ።

የኮሪያ በርበሬ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ሞልቷል። መግዛት እችል ነበር። ግን ያንቺ አለ፤ ሃልሞኒ ሲያርፉ ከቤታቸው ይዘሽው የመጣሽው ብልቃጥ። ደቀቅ ያለ ፍርፋሪ፣ ቀይ፣ ጣፈጥ የሚል፣ ልጅ የሚችለው ዓይነት እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያንቺ እጅ የያዘው ነገር እዚያ ክፍል እንዲገባ ፈለግሁ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ብልቃጡን ስከፍተው ከበርበሬው ጋር ሌላ ነገር ሸተተኝ። ሞቅ ያለ፣ የኮረሪማ ሽታ።

አንቺ መስለሽኝ ነው፣ እማዬ። ኩሽናሽ እንደዚያ ነው የሚሸተው። ፊቴን ብልቃጡ ላይ ደፍቼ ትንሽ ቆየሁ፤ ከዚያ አጥሚቱ ውስጥ ጨመርኩት።

አልቀመስኩም። ዐቢይ ጾም ነው። ካንቺ በኋላ እንዳንቺ መጾም ጀምሬያለሁ፤ ሃይማኖቴ ስለጠነከረ አይደለም፤ ከልማድሽ የቀረኝ እሱ ስለሆነ ነው። ረቡዕ ደግሞ የሠራሁት ገና ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ነበር። እንዳንቺ በዓይኔ፣ በአፍንጫዬ መጠንኩት። ቀማሽ እንደሌለኝ አላሰብኩም።

ሐሙስ ጠዋት ጥሩ ነበር። ይህን ማንም አይነጥቀኝም። አሥራ ዘጠኝ ልጆች ሰማያዊ ጓንት አጥልቀው ጎመን አጠፉ። ሶዮን ወንበር ላይ ቆማ፣ ዓመቱን ሙሉ ያልሰማነውን ድምፅ አውጥታ፣ «ከውስጥ! ከውስጥ ጀምሩ!» ትላቸዋለች። በጥቅምት የሞተ መስሎ የተዘረረው ልጅ ሳይቀር «ሶዮን፣ የእኔን እዪልኝ» ይላታል። እኔም ማንኪያ በለውሱ ነክሬ ወደ እሷ ዘረጋሁ። እንዳንቺ። ቅመሺልኝ ልላት ነበር።

ፓትሪትሲያ «ቆይ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ ፎቶ!» አለች። ጓንቱ ደግሞ በፎቶ ሆስፒታል ያስመስላልና ልጆቹ ያውልቁ አለች፤ ትንንሽ እጆች በርበሬ ነክተው ሲታዩ ያምራሉ። በርበሬ ነው፣ አይሆንም አልኳት። «ራኬሌ፣ ምን ሆነሻል፤ ጎመን እኮ ነው!» አለችኝ። ራሄል ነው ስሜ፤ ሦስት ዓመት ራኬሌ ስትለኝ አርሜያት አላውቅም። ያን ጊዜም ዝም አልኩ። ማንኪያውን አስቀመጥኩ። ልጆቹ ጓንታቸውን አወለቁ፤ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ፤ ሳቁ፤ ፎቶው ተነሳ።

ሁለት ደቂቃ አልቆየም።

አሥራ አንድ ልጆች በእጅ መታጠቢያው ዙሪያ ሲያለቅሱ ወተት እያፈሰስኩ እጃቸውን አጠብኩ። ቶማዞን እናቱ ሆስፒታል ወሰደችው፤ ዓይኑን አጥበው ሰደዱት። በማግሥቱ መጥቶ ሲሯሯጥ ዋለ፤ ለዚህ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ሶዮን ግን ጣቷን ልሳ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ድምፅ ሳታሰማ ወንበሩ ላይ እንደቆመች ነበረች። ከወንበሩ አውርጂኝ አላለችም፤ ያወረዳትም አልነበረም። «የሶዮን ምግብ አቃጠለን» ብለው ለወላጆቻቸው ነገሩ። አሁን አጠገቧ የሚቀመጥ የለም። የውጭ አገር ምግብ ወደ ትምህርት ቤቱ እንዳይገባ ሌላ ማስታወቂያ ወጣ። እሷም በምሳ ሰዓት አቀርቅራ ነጭ ፓስታ ትበላለች። ልኩል ብላ ዓይን አጠፋች የሚሉት እኔን ነው።

ያን ዕለት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቤት ገብቼ ጣቴን አርጥቤ ብልቃጡ ውስጥ ነከርኩ። ሚጥሚጣ ነው። የኮሪያው በርበሬ ውስጥ፣ ለዓይን እንዳይታይ ተደርጎ፣ የእኛ ሚጥሚጣ ተቀላቅሎበታል። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ ትዝ አለኝ። ሃልሞኒ በመጨረሻ ዘመናቸው ምላሳቸው ጣዕም አልለይ ብሎ፣ ምግቡ ሁሉ ወረቀት ወረቀት ይላል እያሉ እምቢ ብለው ነበር። አንድ ቀን ከሥራ እየሳቅሽ ገባሽ። «ምላሳቸው ተኝቶ ነው፤ ዛሬ በሚጥሚጣ ቀሰቀስኩት! አልቅሰው ደግመው በሉ» አልሽኝ። እኔ ፈተና ነበረብኝ። ከመጽሐፌ ቀና ሳልል «እ» አልኩሽ።

ነግረሽኛል። የሰማ ጆሮ ነው የጠፋው።

እንግዲህ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልካድኩም። የሆነውን ሁሉ ለኮኦፔራቲቫው በአንድ ገጽ ጻፍኩ። በርበሬውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ አልቀመስኩትም፣ የቶማዞን ቤተሰብ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ጓንቱን ያስወለቀችው ግን ማኤስትራዋ ናት ብዬ ጻፍኩ። የኮኦፔራቲቫው ኃላፊ ወረቀቴን እስከ መጨረሻው እንኳ ሳታነብ ወደ ጎን አደረገችውና የራሷን አወጣች። ተተይቦ አልቋል፤ የጎደለው ፊርማዬ ነው። እንዲህ ይላል፦ ምግቡን ያመጣሁት ማኤስትራዋ ሳታውቅ ነው። ጓንቱን ያስወለቅሁት እኔ ነኝ። ቅመሙ ንጽሕና በሌለው የመኖሪያ ቤት ኩሽና ውስጥ፣ ምንነቱ ባልተጻፈበት ዕቃ የተቀመጠ ነው።

ዕቃው ስም የለውም፤ እውነት ነው። በአፍንጫሽ ታውቂያቸው ስለነበር ጽፈሽባቸው አታውቂም። ንጽሕና የሌለው የተባለው ግን ያንቺ ኩሽና ነው። የሰው ቤት ስትወለውይ ውለሽ፣ ተመልሰሽ ደግሞ የምትወለውይው ኩሽና። ያን ወረቀት የተየበው ሰው ፖንቴ ማሞሎ ደርሶ አያውቅም።

ፎቶውን አሳየኋት። ከወላጆች የስልክ ቡድን ላይ ምሳ ሳይደርስ ጠፍቷል፤ እኔ ግን አስቀርቼዋለሁ። ባዶ እጅ ልጆች፣ በመካከላቸው ፓትሪትሲያ እጇን ከፍ አድርጋ፤ ከእኔ የሚታየው ክርኔ ብቻ ነው። ኃላፊዋ አየችው፤ ስልኬን መለሰችልኝ። «ራኬሌ፣ ነገር አታክርሪ» አለችኝ። ከፈረምኩ በመስከረም ሌላ ትምህርት ቤት ይመድቡኛል። ካልፈረምኩ ኮንትራቶዬ በሰኔ ያልቃል፤ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሜሶዬ ደግሞ በጥቅምት መታደስ አለበት፤ ያለ ሥራ ኮንትራቶ ማን ያድስልኛል? ይህን ሁሉ በለሰለሰ ድምፅ ነው ያስረዳችኝ፤ ውኃም ቀዳችልኝ።

ውኃውን ሳይ አንቺ የተኛሽበት ሆስፒታል መጣብኝ። ከሃልሞኒ በኋላ በገባሽበት ቤት መስኮት ስትወለውይ ከመሰላል ወድቀሽ ዳሌሽ ተሰብሮ ነበር። የቤቱ ጌታ አበባና ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱ፣ ከአውቶቡስ ስወርድ ወደቅሁ፣ ይላል። አንብቢልኝ አልሽኝ። ቃል በቃል ተረጎምኩልሽ። ውሸት ነው እማዬ፣ አልኩሽ። «ቫ ቤኔ፣ ይሁን ልጄ። ፊርማ አጥንት አይሰብርም። ስድን ሥራዬ ይጠብቀኛል» አልሽ። እስክሪብቶ ጠየቅሽ። ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁሽ።

ሥራው አልጠበቀሽም። አንቺም አልዳንሽም። የነሐሴ ሙቀት ከዚያው አልጋ ወሰደሽ። አበባውን ማን እንደጣለው አላስታውስም፤ እስክሪብቶውን ያቀበልኩሽ ግን እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ትምህርት ያስተማርሽኝ፣ ጥሩ አድርጌ ተርጉሜ እንዳስፈርምሽ ሆነ።

እትዬ ለተብርሃን ትላንት ሽሮ ይዛልኝ መጣች። ነገሩን ነገርኳት። «ፈርሚና እንጀራሽን ብዪ» አለችኝ። «ወረቀት ነው፣ ታቦት አይደለም። እኔ በዚህ አገር የፈረምኩት ወረቀት ቢነጠፍ ከቲቡርቲና ጣቢያ እስከ አሥመራ ያደርሳል፤ ይኸው አለሁ።» ሳቅሁ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቁማ ብልቃጦችሽን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። «እናትሽ ንጹሕ ነበረች» አለችና ጫማዋን አድርጋ ወጣች። አልፈርድባትም። ሦስት ልጆች አሳድጋለች፤ እኔ አንድም የለኝ። እምቢ ማለት ለእኔ ይቀለኛል ማለት ነው። ያም ሆኖ አልቀለለኝም።

ሰኞ ጠዋት ቢሯቸው እሄዳለሁ። ተስፋ አድርጌ እንዳይመስልሽ። ፎቶውን የሚያይ ዳኛ የለም። ፓትሪትሲያ በኮሪደሩ ስታየኝ ስልኳ ላይ ታቀረቅራለች። ሶዮን ዕቃዋን እንደገና የምትከፍትበት ቀን አይታየኝም፤ ያን ነገር ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ልመልሰውም አልችልም። በጥቅምት የት እንደምሆን አላውቅም። ይህን ኩሽና ማን እንደሚወለውለው አላውቅም። የሚመጣውን ሁሉ አስቤ ጨርሻለሁ፤ የሚያሸንፍ መንገድ የለበትም።

ለመዘከር ያህል የቻልኩትን አደርጋለሁ። ዛሬ ከመደርደሪያሽ ላይ አንዱን ብልቃጥ አውርጄ ወረቀት ለጠፍኩበት፤ «የሃልሞኒ» ብዬ ጻፍኩ። ሌሎቹንም አንድ በአንድ እያሸተትኩ፣ እየቀመስኩ እጽፍባቸዋለሁ። ሙት ዓመትሽ ፍልሰታ ላይ ነው የሚውለው፤ የት እንደምሆን ባላውቅም የጾም ኪምቺ እሠራለሁ። አንድ ሰው ፈልጌ ማንኪያውን እዘረጋለታለሁ። የሚነግሩኝንም ከመጽሐፌ ቀና ብዬ እሰማለሁ።

ያላጣራሁት በርበሬ የእኔ ነው። መናገር ሲገባኝ ዝም ያልኩት ዝምታ የእኔ ነው። የቶማዞ ዓይን፣ የሶዮን እንባ፣ ያንቺ እስክሪብቶ፣ ሁሉም የእኔ ነው፤ ስሜን ጽፌ እቀበላለሁ። ያላደረግሁትን ግን ከእንግዲህ አልቀበልም። ራኬሌ መባልን አልቀበልም። የለሰለሰ ድምፅና የተቀዳ ውኃ አልቀበልም። ፊርማ አጥንት አይሰብርም የሚለውን፣ ካንቺ አፍ የወጣውንም ቢሆን፣ አልቀበልም፤ ሲሰብር አይቻለሁ።

የእናቴ ኩሽና ቆሻሻ ነበር ከሚል ዓረፍተ ነገር ሥር ስሜ አይገባም።

ልጅሽ
ራሄል